ሚዛኑ «ኖርማል» አላችሁ፤ ወገባችሁን ግን ማን ለካው?



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ቆጣ ያለም ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ቤታችሁ ውስጥ በአንድ ሲባጎ ብቻ የምትሠሩት ምርመራ ስላለ ሲባጎም ፈልጋችሁ አስቀምጡ።

ያስቆጣችኝ «ኖርማል» የምትባል አንዲት ቃል ናት። ለሥራ ቅጥር፣ ለውጭ ጉዞ ወይም ለዓመታዊ ምርመራ የሄደ ሁሉ ያውቃታል። ሚዛን ላይ ትቆማላችሁ፤ ቁመታችሁ ይለካል፤ ካርዱ ላይ «ቢኤምአይ 23፣ ኖርማል» ተብሎ ይጻፋል። እናንተም «ተመስገን» ብላችሁ ትወጣላችሁ። ወይም ደግሞ «ቢኤምአይ 27፣ ኦቨርዌይት» ትባሉና ከዚያች ቀን ጀምሮ እራት መብላት ታቆማላችሁ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። የአዋቂን ሰው ወገብ ሳይለኩ፣ በክብደትና በቁመት ብቻ «ጤነኛ ነህ» ማለትም ሆነ «ወፍረሻል፣ ቀንሺ» ማለት ግማሽ ምርመራ ነው። በግማሽ ምርመራ ደግሞ ሙሉ ፍርድ አይሰጥም። የልብስ ሰፊ ሜትር የሌለው የምርመራ ክፍል የደም ግፊት መለኪያ እንደሌለው ክፍል ሊቆጠር ይገባል።

ለምን እንዲህ እንደምል በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ቢኤምአይ ማለት ክብደት በኪሎ ተወስዶ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ ሰው 78ን ለ1.70 ያካፍላል፤ ያገኘውን እንደገና ለ1.70 ያካፍላል፤ 27 ይመጣለታል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ18.5 በታች ያነሰ ክብደት፣ ከ18.5 እስከ 24.9 መደበኛ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ይህን ስሌት ያመጣው ሰው ሐኪም አልነበረም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጄማዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው፤ ጊዜውም 1830ዎቹ። ፍላጎቱ «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል በቁጥር መግለጽ እንጂ የማንንም ስኳር ወይም ልብ መመርመር አልነበረም። ዛሬ የምንጠራበትን ስም የሰጡት ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ለዚያ ጥናት የለኳቸው ሰዎች በሙሉ ወንዶች ነበሩ።

ስሌቱ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ዓለም ተቀበለው። ለተፈጠረበት ሥራ ዛሬም ጥሩ ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ባለፉት ሃያ ዓመታት እየወፈረ ነው ወይስ እየከሳ የሚለውን ለማወቅ እንዲህ የሚመች ርካሽ መለኪያ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ «ቢኤምአይ ውሸት ነው፣ ጣሉት» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ክርክሬ ለሕዝብ የተሰፋውን ልብስ በልኩ ሳንለካ ለእያንዳንዱ ሰው ማልበሳችን ላይ ነው።

ሚዛን የማያየው ነገር

ሚዛን ኪሎ ይቆጥራል። ኪሎው ጡንቻ ይሁን ስብ፣ አጥንት ይሁን ውሃ አይለይም። መርካቶ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ጫኝና አውራጅ፣ እና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ሁለቱም 1.70 ሜትርና 78 ኪሎ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም 27 ናቸው። የአንዱ ኪሎ ትከሻና ጭን ላይ ነው፤ የሌላው ቦርጭ ላይ ነው። ካርዱ ላይ ግን መንትያ ይመስላሉ።

ከዚህ የሚብሰው ሚዛን ስቡ የት እንደተቀመጠ አለማየቱ ነው። ቆዳ ሥር፣ ዳሌና ጭን ላይ ያለ ስብ በአብዛኛው ጨዋ ነው፤ ተቀምጦ ይኖራል። ሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስብና ሰውነትን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። ከአንጀት አካባቢ የሚነሳው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ጉበት የመጀመሪያው ተጠቂ ነው፤ ስብ ይቋጥራል። ኢንሱሊንም ሥራውን እንደ ልቡ መሥራት ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን በስም ታውቋቸዋላችሁ፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጉበት ስብ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ።

እጅና እግራቸው ቀጭን፣ ፊታቸው ሞላ ያላለ፣ ሸሚዛቸው ግን እምብርታቸው ላይ የተወጠረ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ። ላይ ላዩን ቀጭን፣ የውስጡን ለቄስ!

እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ሐኪሞች በራሳቸው አካል ይህን አሳይተዋል። አንዱ ሕንዳዊው ያጅኒክ፣ ሌላው እንግሊዛዊው ዩድኪን ናቸው። የሁለቱም ቢኤምአይ እኩል 22.3 ነበር። የሰውነታቸው ስብ ሲለካ ግን የዩድኪን 9.1 በመቶ፣ የያጅኒክ 21.2 በመቶ ሆነ። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው። በካርድ ቢጻፍ ግን ሁለቱም «ኖርማል» ናቸው።

«እኛስ ሕንዳዊ አይደለንም» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጫጭን ነበሩ፤ ስኳር በሽታም ብርቅ ነበር። ኑሮና ምግብ ከተለወጠ በኋላ ግን ስኳር በመካከላቸው በፍጥነት ጨመረ። እዚያው የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ከሌላው የአገሪቱ ነዋሪ ይልቅ በለጋ ዕድሜና በአነስተኛ ክብደት ይይዛቸዋል፤ ቢኤምአያቸው «ኖርማል» የሆኑትን ጭምር። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ስቶክሆልምም ሆነ ዱባይ ሆናችሁ የምታነቡኝ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት። አዲስ አበባ ሆናችሁ ከእርሻ ወደ ቢሮ፣ ከእግር ወደ ታክሲ የተሻገራችሁም እንደዚሁ።

ስሌቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይስታል። ጋምቤላ ውስጥ እንደ ኑዌር ያሉ እግረ ረጃጅም ወገኖቻችን ቢኤምአያቸው ከ18.5 በታች ስለሆነ ብቻ «ተርበዋል» ቢባል ስህተት ይሆናል። የቁመታቸው ብዙው እግር ነው፤ የእግር አንድ ሴንቲ ሜትር ደግሞ እንደ ግንዱ አካል አይከብድም። ስሌቱ ይህን አያውቅም።

ሦስት ሰዎች፣ ሦስት «ፍርዶች»

ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝራቸውን ቀይሬ ሦስት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው የ42 ዓመት ሰው ነው። ቁመቱ 1.68 ሜትር፣ ክብደቱ 67 ኪሎ፤ ቢኤምአይ 23.7። በየዓመቱ መሥሪያ ቤቱ በሚልከው ምርመራ «ኖርማል» እየተባለ ተመልሷል። ወደ እኔ የመጣው ሌሊት ለሽንት እየተነሳ ስለተቸገረ ነው። ወገቡን ስለካው 97 ሴንቲ ሜትር። ባዶ ሆዱን የተለካው ስኳር 168። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ቀጭን ነኝ! ስኳር ከየት መጣብኝ?» አለኝ። ሲያገባ ዘመዶቹ ቦርጩን እያዩ «ትዳር ተስማማህ» ይሉት ነበር። ሚዛኑ ደግሞ «ኖርማል ነህ» ይለዋል። እንግዲህ ይህ ሰው በማን ይፍረድ? ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሜትር አውጥቶ ቢለካው ኖሮ ስኳሩ ገና በደጅ ሳለ ልንደርስበት እንችል ነበር።

ሁለተኛዋ የ34 ዓመት ሴት ናት። 1.60 ሜትር፣ 70 ኪሎ፤ ቢኤምአይ 27.3። በልጅነቷ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ ያደገች፣ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ጠንካራ ሴት። ወገቧ 78 ሴንቲ ሜትር ነው። ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ የደም ቅባቷ ሁሉ ደህና። «ኦቨርዌይት» ከተባለች በኋላ ግን የማቅጠኛ ሻይ ጀመረች። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ሰና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። የሚወጣው ውሃና ሰገራ እንጂ ስብ አይደለም። እኔ ዘንድ የመጣችው አዙሯት፣ ጡንቻዋ እየተኮማተረ፣ ፖታሲየሟ ወርዶ ነው። ጤነኛዋን ሴት በሽተኛ ያደረጋት አንድ ቁጥር ነው።

ሦስተኛዋ የ68 ዓመት እናት ናቸው። ልጃቸው ይዛቸው መጣች፤ «እማዬ ትወድቃለች፣ ጉልበቷ ከዳት» አለችኝ። ቢኤምአያቸው 22፣ «ኖርማል»። «እማማ፣ እስቲ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ይነሱልኝ» ስላቸው አልቻሉም። ኪሎአቸው ከድሮው ብዙም አልቀነሰም፤ ጡንቻው ሄዶ ቦታውን ስብ ስለያዘው ሚዛኑ ምንም አላስተዋለም። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ካቆሙ በኋላ ስቡ ወደ ሆድ ይሰበሰባል። «ኪሎዬ ከ25 ዓመቴ ጀምሮ አልተለወጠም» ብላችሁ የምትኮሩ ሁሉ፣ ኪሎው ባይለወጥም ይዘቱ ሊለወጥ እንደሚችል አትርሱ።

«ታዲያ ማሽኑ ይሻላል?»

ይህን ጉድለት ነጋዴው ከሐኪሙ ቀድሞ አየው። ዛሬ በየጂሙ በእግርና በእጅ የሚያዝ ማሽን አለ። ጠቀም ያለ ብር ትከፍላላችሁ፤ «ስብ 31.4 በመቶ፣ የውስጥ ስብ 11፣ የሰውነት ዕድሜ 54» የሚል ባለ ቀለም ወረቀት ይሰጣችኋል። አንዲት የ38 ዓመት ታካሚዬ ይህን ወረቀት ይዛ እያለቀሰች መጥታለች። ወረቀቱን ከሰጧት በኋላ በዚያው ቆመው የሚሸጥ ዱቄት አሳይተዋታል።

እውነቱን ላስረዳችሁ። ማሽኑ ስብ አያይም። በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሰውነታችሁ ያሳልፍና ምን ያህል እንደተቋቋመው ይለካል። ጡንቻ ውሃ ስላለው በደንብ ያስተላልፋል፤ ስብ አያስተላልፍም። ከዚያ ማሽኑ የሰውነታችሁን ውሃ ይገምታል፤ ከውሃው ጡንቻን፣ ከጡንቻው ደግሞ ስብን በቀመር ያወጣል። ቀመሩ የተሠራው በሌሎች ሰዎች ላይ ነው። ውሃ ጠጥታችሁ፣ በልታችሁ፣ ስፖርት ሠርታችሁና አልቦአችሁ ወይም ስቲም ገብታችሁ ብትለኩ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ያለችውን አኃዝ እርሷት። «የሰውነት ዕድሜ» የሚባለውም እኛ ሐኪሞች ለሕክምና ውሳኔ የምንጠቀምበት መለኪያ አይደለም።

ማሽኑን መጠቀም ከፈለጋችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማሽን ላይ፣ ጠዋት፣ ባዶ ሆድ፣ ከሽንት በኋላ ተለኩ፤ የምታዩትም የወራቱን አካሄድ ይሁን። ሰውነታችሁ ውስጥ የተቀበረ የልብ ምት ማስተካከያ ያላችሁ ግን አትቁሙበት። ዴክሳ በሚባለው የራጅ መሣሪያ ወይም በኤምአርአይ የሚደረገው ልኬት የተሻለ ትክክለኛ ነው። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። የ42 ዓመቱን ሰውዬ ለማዳን ኤምአርአይ አላስፈለገም፤ ሜትር ነበር ያስፈለገው።

ለባልደረቦቼ

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምትሉትንም ሰምቼዋለሁ።

«ጊዜ የለንም፤ በቀን ስንት ታካሚ ነው የምናየው» ትላላችሁ። ወገብ ለመለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሙቀት፣ ግፊትና ክብደት በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር መጨመር ምን ያህል ይከብዳል?

«ታካሚዎች ሆዳቸውን መነካት ያፍራሉ» ትላላችሁ። ልክ ነው፤ ክብራቸው ይጠበቅ። ሴትን ሴት ትለካ፤ መጋረጃ ይኑር፤ በስስ ልብስ ላይም ይቻላል። ፈቃደኛ ካልሆኑም ሲባጎውን ሰጥታችሁ ራሳቸው ይለኩ።

«መመሪያው ቢኤምአይ ነው የሚለው» ትላላችሁ። መመሪያው እኮ እየተለወጠ ነው። የእንግሊዙ ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች እንዲሆን ለሕዝቡ እንዲመከር አድርጓል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ቢኤምአይ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በይፋ አቋም ይዟል። በጥር 2025 ደግሞ በላንሴት የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ኮሚሽን ከልክ ያለፈ ውፍረትን በቢኤምአይ ብቻ ከመወሰን ይልቅ ወገብን፣ የወገብና የዳሌን ንጽጽር፣ የወገብና የቁመትን ንጽጽር ወይም ቀጥተኛ የስብ ልኬትን ጨምሩ ብሏል። ይህን የማያስፈልገው ቢኤምአይ ከ40 በላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ስቡ መብዛቱ አያጠያይቅም።

አንድ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን የወገብ ልክ ሲያወጣ ለአውሮፓውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲ ሜትር አለ፤ ለእስያውያን የራሳቸውን አወጣ። ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን ግን የራሳችን መረጃ እስኪገኝ የአውሮፓውያኑን እንድንጠቀም ተነገረን። መረጃው የሚገኘው ማን ሲለካ ነው? እኛው ስንለካ! በየካርዱ ላይ ወገብ ካልጻፍን ልካችንን ሌላ ሰው ሲነግረን እንኖራለን። የወገብና የቁመት ንጽጽርን የምወደውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ቁመት ጋር ያመዛዝናል።

አሁን ሲባጎውን አምጡት

1ኛ፦ የማይለጠጥ ሲባጎ ወይም ገመድ ውሰዱ። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ሌላ ሰው ከተረከዛችሁ እስከ አናታችሁ ድረስ ለክቶ ይቁረጠው። ይህ ቁመታችሁ ነው።

2ኛ፦ ሲባጎውን እኩል ለሁለት አጥፉት። አሁን የያዛችሁት የቁመታችሁን ግማሽ ነው።

3ኛ፦ ልብሳችሁን ከሆዳችሁ ላይ አንሡ። በጎናችሁ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ፤ ቀጥሎ የዳሌ አጥንታችሁን የላይኛውን ጫፍ ፈልጉ። የሁለቱ መሐል የምትለኩበት ቦታ ነው። ሱሪ የምትታጠቁበት ቦታ አይደለም፤ ብዙ ወንዶች ከቦርጭ በታች ስለሚታጠቁ የሱሪ ቁጥር ያታልላል።

4ኛ፦ የታጠፈውን ሲባጎ በዚያ ቦታ ዙሩት። ከፊትም ከኋላም እኩል ይሁን፤ ቆዳ አይቁረጥ፤ አይላላም። ትንፋሻችሁን እንደ ወትሮው አውጡና ተመልከቱ። ሆድ መሳብ ክልክል ነው! ራሳችሁን እንጂ እኔን አታታልሉም።

የሲባጎው ሁለት ጫፎች ከተገናኙ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አይበልጥም፤ ጥሩ ነው። ካልተገናኙ በልጧል ማለት ነው።

ሜትር ያላችሁ ደግሞ ወገባችሁን ለቁመታችሁ አካፍሉ። ከ0.4 እስከ 0.49 ጤናማ፣ ከ0.5 እስከ 0.59 ስጋቱ የጨመረ፣ 0.6 እና ከዚያ በላይ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። የ42 ዓመቱ ሰውዬ 97 ለ168 ሲካፈል 0.58 ይሆናል። የ34 ዓመቷ ሴት 78 ለ160 ሲካፈል 0.49። ሚዛኑ የገለበጠውን ሜትሩ አቃናው።

ጥንቃቄ፦ ይህ ልኬት ለነፍሰ ጡሮችና ገና ለወለዱ እናቶች አይሠራም። ሆድ ሁሉ ደግሞ ስብ አይደለም። እጅና እግራችሁ እየከሳ ሆዳችሁ በሳምንታት ውስጥ ከተነፋ፣ እግራችሁ ካበጠ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ውሃ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጡንቻችሁንም ፈትኑ፤ በተለይ ዕድሜያችሁ ከ60 ያለፈ። ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ በሉ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባችሁ የጡንቻ ጉልበታችሁ ስለቀነሰ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ሲባጎው ካልተገናኘስ?

አትደንግጡ፤ በሽተኛ ናችሁ ማለት አይደለም። መመርመር አለባችሁ ማለት ነው። ሦስት ነገር አስለኩ፦ የደም ግፊት፣ ባዶ ሆድ የደም ስኳር፣ የደም ቅባት። የጾም ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ በደጅ ላይ ናችሁ፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። ሲባጎው የተገናኘላችሁም ዕድሜያችሁ 35 ከሞላ ስኳር አንድ ጊዜ ተመርመሩ፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ክብደትን ሳይመለከት ከ35 ዓመት ጀምሮ ሁሉም ሰው እንዲመረመር ይመክራል።

ቀበቶ ታጥቆ ማላብ ቦርጭ አያጠፋም። የሆድ ስፖርት ብቻውንም የሆድን ስብ መርጦ አያቀልጥም። የሚሠራው የታወቀው ነገር ነው፦ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ መቀነስ፣ ቢራን መቀነስ፣ በቂ እንቅልፍ። በአሜሪካ በተደረገውና በ2002 በታተመው ትልቅ ጥናት በደጅ ላይ የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ የማይደረስበት አይደለም።

በጾም ወቅት ደግሞ ዳቦና ፓስታ ላይ ብቻ አትደገፉ፤ ጡንቻ የሚጠብቀው ፕሮቲን ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ኦቾሎኒው ሳህኑ ላይ በርከት ይበል። አረጋውያን ወላጆቻችንን «ትንሽ ቅመሱ» ብለን በሻይና በዳቦ አንሸኛቸው።

የቤት ሥራ

በሚቀጥለው ጊዜ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ክብደታችሁ ሲለካ እንዲህ በሉ፦ «ይቅርታ፣ ወገቤንም ይለኩልኝ፤ ካርዴ ላይም ይጻፉልኝ።» በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ። «አያስፈልግም፣ ኖርማል ነህ» ካሏችሁ «ኖርማል መሆኔን በምን አወቁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታካሚ ሲጠይቅ ሐኪም ይለመዳል፤ ከውስጡ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የባለቤታችሁን ወገብ ዛሬ ማታ ለኩ። የተገናኘላችሁና ያልተገናኘላችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኪሎ አልጠየቅኳችሁም! ለሥራ ባልደረቦቻችሁ፣ በተለይ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» ለሚለው ባለ ቦርጭ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። የጀመራችሁትን መድኃኒት ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።

ጤናችሁ ይብዛልኝ!